ነዳጁ ሲቀየር ሞተር ክፍል ውስጥ ምን ይደረጋል? ለጀማሪ የመርከብ ኢንጅነሮች

ከባሕር ዳር ወይም ከባቦጋያ ሥልጠና ጨርሳችሁ መርከብ ልትሳፈሩ የተዘጋጃችሁ ልጆች ሰሞኑን የምትልኩልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ሆኗል። "ባዮፉዩል የሚያቃጥል መርከብ ላይ ተመደብኩ፤ ምን ልወቅ?" "ሜታኖል ያን ያህል ያስፈራል?" "አሞኒያ መጣ ይባላል፤ እውነት ነው?" በቴሌግራም ለየብቻ ከምመልስ ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈው አልኩ።

እኔ ሁለተኛ ኢንጅነር ነኝ። ዋናው ሞተር፣ ፒዩሪፋየሩ (ውኃና ቆሻሻን ከነዳጅ የሚለየው ማሽን)፣ የነዳጅ ፓምፑና ፊልተሩ የእኔ ኃላፊነት ናቸው። የምጽፈውም እዚያ ታች፣ ሙቀቱና ጩኸቱ መሃል ስለሚሠራው ሥራ ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። የነዳጅ ስም ብቻውን ልቀት አይቀንስም። ልቀቱን የሚወስነው ነዳጁ የተሠራበት መንገድና እናንተ የምታቃጥሉበት መንገድ ነው። አንዱ ከጎደለ ለነዳጁ የወጣው ተጨማሪ ገንዘብ ባከነ ማለት ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ሀገር ሩቅ እንዳይመስላችሁ። የባሕር በር ባይኖረንም ከወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል። ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ ነዳጁ በመርከብ ነው የሚመጣው። የዓለም መርከቦች ደግሞ የሰው ልጅ ከሚለቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ ወደ 3 በመቶ ገደማ ይለቃሉ። ዝናቡ ሲዛባ ቀድሞ የሚጎዳው የእኛው ገበሬ ነው። ይህን ሥራ ከልቤ የያዝኩት ለዚህ ነው።

ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሂሳቡን ሥሩ

ቺፉ (ዋና ኢንጅነሩ) እስኪነግራችሁ አትጠብቁ። ካልኩሌተር አውጡ። የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው፣ አንድ ቶን ነዳጅ ሲቃጠል ስንት ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል? ሁለተኛው፣ በአንድ ኪሎ ነዳጅ ውስጥ ስንት ሜጋጁል ጉልበት አለ? ሁለቱን ስታካፍሉ ለአንድ ሜጋጁል ስንት ግራም እንደሚወጣ ታገኛላችሁ። ነዳጅና ነዳጅ የሚወዳደረው በዚህ ነው።

ከባድ ነዳጅ 3.114 ቶን ያወጣል፤ ጉልበቱ በኪሎ 40.2 ሜጋጁል ነው። ስለዚህ በሜጋጁል 77 ግራም ገደማ። ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ፣ ማለትም ኤልኤንጂ፣ 2.75 ቶን ያወጣል፤ ጉልበቱ 48 ነው። 57 ግራም ይሆናል። ሜታኖል 1.375 ቶን ብቻ ያወጣል፤ ግን ጉልበቱም 19.9 ብቻ ነው። 69 ግራም።

አያችሁ? 1.375 የሚለውን ብቻ ያየ ሰው ሜታኖል ልቀቱን ከግማሽ በታች ያወረደ ይመስለዋል። ጉልበቱ ሲገባበት ልዩነቱ ወደ 11 በመቶ ይወርዳል። ያውም ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ብቻ ስንቆጥር ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሜታኖል ከተፈጥሮ ጋዝ ወይም ከድንጋይ ከሰል የሚሠራ ነው። ፋብሪካው ሲያመርተው የለቀቀው ሲደመር ከከባድ ነዳጅ ይብሳል። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ነው።

ከባዮጋዝ፣ ከቆሻሻ፣ ወይም ከታዳሽ ኤሌክትሪክ በተገኘ ሃይድሮጅን የተሠራ ሜታኖል ግን ሌላ ነገር ነው። ችግሩ ሁለቱን በዓይን መለየት አለመቻሉ ነው። ሽታውም ያው፣ ቀለሙም ያው፣ ሞተሩም አያውቀውም። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ነው።

ስለዚህ ባንከር (የመርከብ ነዳጅ) ስትወስዱ ከማቅረቢያ ደረሰኙ ጋር የዘላቂነት ማረጋገጫውን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ አይኤስሲሲ በሚባለው ሥርዓት የተሰጠ ነው። በላዩ ላይ ጥሬ ዕቃው ምን እንደነበረና በሜጋጁል ስንት ግራም እንደተሰላለት ተጽፏል። ማረጋገጫው አንዳንዴ ዘግይቶ ለቢሮ ነው የሚላከው። ያኔም ቢሆን ቅጂው እንዲደርሳችሁ ጻፉ። በአውሮፓ ሕግ ወረቀቱ የሌለው ባዮፉዩል እንደ ተራ የነዳጅ ዘይት ይቆጠራል። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ከ5,000 ግሮስ ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች ወደ አውሮፓ ወደቦች ሲገቡና ሲወጡ የተጠቀሙት ጉልበት እየተመዘነ ነው። መነሻው በሜጋጁል 91.16 ግራም ነው። አሁን ከዚያ ላይ 2 በመቶ መቀነስ ግዴታ ነው። በ2030 6 በመቶ ይሆናል፤ በ2050 80 በመቶ ይደርሳል። ይህ ልኬት ከጉድጓዱ እስከ ጭስ ማውጫው ያለውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ትክክለኛውም አቆጣጠር ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነዳጁን ከመቀየር በፊት ነዳጁን መቀነስ

ይህን ክፍል አሳጥረዋለሁ፤ ግን አትዝለሉት። አንድ መርከብ የሚፈልገው ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ነው የሚሄደው። ፍጥነቱን በ10 በመቶ ብትቀንሱ ከሞተሩ የሚፈለገው ኃይል በ27 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ጉዞው ስለሚረዝም በመጨረሻ የሚተርፈው ነዳጅ 19 በመቶ አካባቢ ነው። ይህን 19 አስታውሱት፤ ቶሎ እንመለስበታለን።

ፍጥነትን የሚወስነው ብሪጁ (መርከቡ የሚመራበት ክፍል) እና ቢሮው ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። በእናንተ እጅ ያለው ኢንጀክተሩን በሰዓቱ ማስፈተሽ፣ ቱርቦቻርጀሩን ማጠብ፣ የሲሊንደሮቹን ግፊት ማመጣጠን፣ አንድ ጀነሬተር በሚበቃበት ሁለት አለማስነሳት ነው። በሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ውድ አረንጓዴ ነዳጅ ማቃጠል ያሳዝናል።

በተራ ሞተር ላይ ባዮፉዩል

አብዛኞቻችሁ የምትገቡበት መርከብ ይህ ነው። አዲስ ሞተር የለም፣ አዲስ ታንክ የለም። ሲንጋፖር ላይ ቢ24፣ ሮተርዳም ላይ ቢ30 ይሞላላችኋል። ቁጥሩ በመቶ ስንቱ ባዮ እንደሆነ ይናገራል። ባዮው በአብዛኛው ፌም የሚባለው ባዮዲዝል ነው፤ ከአትክልት ዘይት ወይም ከሞራ ይሠራል።

የምመርጠው ከምግብ ቤቶች ከተሰበሰበ ያገለገለ ዘይት የተሠራውን ነው። የአውሮፓ ሕግ ለእሱ የሰጠው ቁጥር በሜጋጁል 14.9 ግራም ነው፤ ለማነጻጸሪያ የሚያዘው የነዳጅ ዘይት 94 ነው። 84 በመቶ ቅነሳ ማለት ነው። ደን ተመንጥሮ ከተተከለ ፓልም የመጣ ከሆነ ግን ቅነሳው ይጠፋል። ወረቀቱን አንብቡ ያልኩት ለዚህ ነው።

ቢ24 እውነት ስንት ይቀንሳል? ፌም በኪሎ ወደ 37.2 ሜጋጁል አለው። የሚቀላቀልበት ዝቅተኛ ሰልፈር ነዳጅ 41 ገደማ አለው እንበል። ድብልቁ ወደ 40.1 ይወርዳል። ከዚህ ጉልበት ውስጥ የባዮው ድርሻ 22 በመቶ ነው፤ 24 አይደለም። እሱን በ84 በመቶ ስታባዙት ከ18 እስከ 19 በመቶ ቅነሳ ታገኛላችሁ። ፍጥነትን በ10 በመቶ ከመቀነስ ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደርግ መርከብ ደግሞ ልቀቱን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያወርዳል፤ ያውም አንድ ቧንቧ ሳይቀየር።

አሁን ወደ ሥራው።

ነዳጁ ከመምጣቱ በፊት ታንክ መርጣችሁ ለብቻው አዘጋጁ። ከአሮጌው ነዳጅ ጋር አታደባልቁት። ውኃውን አንጠፍጥፉ፤ ከቻላችሁ ታንኩ ይጽዳ። ፌም ውኃ ይስባል፤ ውኃና ፌም በሚገናኙበት መስመር ላይ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባል። አንዴ ከተራባ ፊልተሩን በሚያጣብቅ ዝቃጭ ይደፍነዋል። ስለዚህ ሴትሊንግና ሰርቪስ ታንኩን (ነዳጁ ወደ ሞተር ከመግባቱ በፊት የሚጠራባቸውንና የሚቀመጥባቸውን) በየዎቹ፣ ማለትም በየፈረቃው፣ ድሬን ማድረግ (ውኃውን ከታች ማውጣት) የዘወትር ሥራችሁ ይሁን።

የላስቲክ ነገሮችን ዝርዝር አውጡ። ኦሪንግ፣ ሆዝ፣ የፓምፕ ሲል። ተራ ናይትራይል ላስቲክ ፌም ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ቫይተን የሚባለው ላስቲክ ይቋቋማል። በተለይ ወደ ቢ100 የምትሄዱ ከሆነ ቀድማችሁ ቀይሩ። መዳብ፣ ናስና ዚንክ ደግሞ ነዳጁ ቶሎ እንዲበላሽ ያደርጋሉ። ትንሽ የናስ ቫልቭ ወዲያው ችግር አትፈጥርም፤ ግን የት የት እንዳለች ማወቅ ጥሩ ነው።

ከመስመር ውጪ የምታደርጓቸው ሁለት ሞተሮች አሉ። የአደጋ ጊዜ ጀነሬተሩና የሕይወት አድን ጀልባው ሞተር። እነሱ ውስጥ ፌም ያለበት ነዳጅ እንዳይገባ። ነዳጃቸው ለወራት ሳይነካ ይቀመጣል፤ ፌም ደግሞ ተቀምጦ ያረጃል፣ አሲዱ ይጨምራል። በጨለማ ጊዜ የማይነሳ ጀነሬተር ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም። የማስተላለፊያ መስመሩ የጋራ ከሆነ ቫልቩን ቆልፋችሁ ምልክት ስቀሉበት።

ስትሞሉ ናሙናው ሙሉውን ጊዜ በጠብታ ይወሰድ። የማርፖል (የባሕር ብክለት መከላከያ ስምምነት) ናሙናው ቢያንስ 12 ወር፣ ደረሰኙ 3 ዓመት መርከቡ ላይ ይቆያል። ወደ ላብራቶሪ የምትልኩት ናሙና ላይ ከተለመደው ምርመራ በተጨማሪ የፌም መጠን፣ አሲድ ቁጥር፣ የኦክሳይድ መረጋጋትና የካሎሪ መጠን ይታይ ብላችሁ ጻፉ። አይኤስኦ 8217 የተባለው የመርከብ ነዳጅ ደረጃ በ2024 ታድሶ ለባዮ ድብልቆች የራሳቸውን ደረጃ ስላወጣላቸው፣ የሞላችሁት ነዳጅ በዚያ ደረጃ የተሸጠ መሆኑን ደረሰኙ ላይ ተመልከቱ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊልተሩ ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ፌም ማሟሟት ይወዳል። ለዓመታት ታንኩና ቧንቧው ላይ የተጋገረውን ዝቃጭ ፈትቶ ይዞት ይመጣል። አብሮኝ የሠራ አንድ ፊሊፒናዊ ኦይለር (የሞተር ክፍል ሠራተኛ) ነበር። አውቶ ፊልተሩ በአንድ ዎች ስንት ጊዜ ራሱን እንዳጠበ ኮንትሮል ሩሙ ሰሌዳ ላይ በማርከር ይጽፍ ነበር። ማንም አላዘዘውም። ቁጥሩ መጨመር ሲጀምር አላርሙ ከመጮኹ በፊት እናውቃለን። እኔም ከዚያ ወዲህ በምሠራበት መርከብ ሁሉ ይህን አስደርጋለሁ። መለዋወጫ ፊልተር ከወትሮው በላይ ያዙ። በጠባብ ወሽመጥ ወይም ወደብ መግቢያ ላይ የመጀመሪያውን የነዳጅ ቅየራ አታድርጉ። ሰፊ ባሕር ላይ፣ በቀን፣ ሰው ባልደከመበት ሰዓት ይሁን።

ሙቀቱን በልማድ አታስኬዱ። ንጹህ ፌም ቀጭን ነው፤ ድብልቁም ከለመዳችሁት ሊቀጥን ይችላል። እንደ ድሮው ብታሞቁት ሞተሩ መግቢያ ላይ ከመጠን በላይ ይሳሳል፣ የነዳጅ ፓምፑም ይፋጫል። ብዙ አምራቾች ውፍረቱ ከ2 ሴንቲስቶክ በታች እንዳይወርድ ይላሉ። ቪስኮሲቲ ኮንትሮለሩን (የነዳጁን ውፍረት የሚቆጣጠረውን) ከላብራቶሪው ውጤት ጋር አስታርቁት። በሌላ በኩል ቀዝቃዛ ባሕር ላይ ከሆናችሁ ፌም ይረጋል። ታንኩ ከሚረጋበት ነጥብ በላይ ሞቆ ይቆይ፤ ግን አይቀቀል። ሙቀት በበዛ ቁጥር ቶሎ ያረጃል።

የግራቪቲ ዲስክ ያለው ፒዩሪፋየር ካላችሁ ዲስኩን በአዲሱ ዴንሲቲ (ጥግግት) ምረጡ። ውኃው ከፌም ጋር ስለሚዋሃድ ለመለየት ያስቸግራል፤ ፍሰቱን ቀነስ አድርጉት።

ስለ ጀነሬተሮቹ ዘይት ብዙ ሰው አያስብም። ባለ አራት ስትሮክ ሞተር ላይ በሲሊንደሩ ግድግዳ ሾልኮ ወደ ክራንክኬዝ የሚወርድ ነዳጅ ይኖራል። ዲዝል ከሆነ በሙቀቱ ከፊሉ ይተናል። ፌም ግን አይተንም፤ እዚያው ተጠራቅሞ ዘይቱን ያቀጥነዋል። የዘይት ናሙናውን ከወትሮው ቀረብ ቀረብ አድርጋችሁ ላኩ። ለዋናው ሞተር ደግሞ የሲሊንደር ዘይቱ ቤዝ ነምበር (አሲድ የማርከስ አቅሙ) ከአዲሱ የሰልፈር መጠን ጋር ይገጥማል ወይ ብላችሁ ቺፉን ጠይቁት።

እኔ ፌም ያለበትን ነዳጅ ከ3 ወር በላይ አላቆይም። መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይቃጠል። በነገራችን ላይ፣ ቢ100 ካገለገለ ዘይት የተሠራ ከሆነ ጭሱ የተጠበሰ ድንች ይሸታል። ዴኩ ላይ ያሉት ምግብ አብሳዩን መጠየቅ ሲጀምሩ አትገረሙ።

ኤችቪኦ የሚባል ሌላም ባዮ አለ። በሃይድሮጅን የታከመ የአትክልት ዘይት ነው፤ ጠባዩ ከዲዝል ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ከላይ የዘረዘርኩት አብዛኛው ጣጣ የለበትም። ዋጋው ነው ከባዱ።

እውነት ቀንሷል ወይ? ለኩት

ነዳጁ ከተቀየረ በኋላ አንድ ሰው ኮንትሮል ሩም ገብቶ "ፍጆታው ጨመረ፤ ሞተሩ ተበላሽቷል" ይላችኋል። አትደንግጡ። ጉልበቱ ስላነሰ መጨመሩ አይቀርም። ጥያቄው ከሚገባው በላይ ጨምሯል ወይ ነው።

አምራቹ የሰጣችሁ የፋብሪካ ሙከራ ውጤት በ42.7 ሜጋጁል ነዳጅ የተሰላ ነው። 175 ግራም በኪሎዋት ሰዓት ነው እንበል። አሁን የምታቃጥሉት 40.1 ሜጋጁል ካለው፣ 175ን በ42.7 አባዙና ለ40.1 አካፍሉ። 186 ይመጣል። የለካችሁት 186 አካባቢ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። 195 ከሆነ ግን ነዳጁን አትውቀሱ፤ ኢንጀክተሩን፣ የአየር ማቀዝቀዣውን፣ ቱርቦውን እዩ። ይህን ሂሳብ በየሳምንቱ እሠራለሁ። ታንክ በመለካት ሳይሆን በማስ ፍሎውሜትር ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይታመናል፤ የታንክ ልኬት መርከቡ በተንገዋለለ ቁጥር ይዋሻል።

የምትጽፉት ቁጥር የተጣራ ይሁን። ጥሩ እንዲመስል ተብሎ የተስተካከለ ሎግ ቡክ የሚጎዳው የሚቀጥለውን ኢንጅነር ነው፤ የት እንደቆመ አያውቅም።

ኤልኤንጂ

ኤልኤንጂ በ162 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚቀመጥ ሚቴን ነው። ሰልፈር የለውም፣ ጥላሸት የለውም። ስለዚህ ለወደብ ከተሞች ሳንባ ደግ ነው። ለአየር ንብረቱ ግን ሁሉም ነገር የሚያርፈው ሳይቃጠል በሚያመልጠው ሚቴን ላይ ነው። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያሞቃል፤ በ20 ዓመት ስሌት ከ80 እጥፍ በላይ ነው።

የአውሮፓ ሕግ ዝቅተኛ ግፊት ላለው መካከለኛ ፍጥነት ሞተር 3.1 በመቶ ያመልጣል ብሎ ይቆጥራል። ለከፍተኛ ግፊት ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር 0.2 በመቶ። ከላይ ባለው ዘዴ አሰላሁት። በመጀመሪያው ሞተር መርከቡ ላይ ያለው ቅነሳ ከከባድ ነዳጅ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በሁለተኛው 25 በመቶ ገደማ ነው። በ20 ዓመት ስሌት ካየነው የመጀመሪያው ከከባድ ነዳጅም ይብሳል። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይሄ ነው።

ዝቅተኛ ግፊት ያለው ሞተር ላይ ከሆናችሁ ማድረግ የምትችሉት አለ። የሚያመልጠው ሚቴን ጭነቱ ሲቀንስ ይጨምራል። ሁለት ጀነሬተር በ30 በመቶ ከምታስኬዱ አንዱን በ60 አስኪዱ። ታንኩ ውስጥ የሚተነውን ጋዝ ወደ አየር አትልቀቁ፤ ለማቃጠል ወይም መልሶ ፈሳሽ ለማድረግ ያለውን መሣሪያ ሁሌ ዝግጁ አድርጉ።

ሜታኖል

እዚህ ላይ ፍርሃቱንም ጉጉቱንም እረዳለሁ። ስቴና ጀርማኒካ የተባለችው ፌሪ ከ2015 ጀምሮ በጎተንበርግና በኪል መካከል በሜታኖል እንድትሠራ ተደርጋ ተቀይራለች። በ2023 ደግሞ 2,100 ኮንቴይነር የምትጭነው ላውራ መርስክ ከኡልሳን ተነስታ ኮፐንሃገን ገባች። ነዳጁ ይሠራል። ጥያቄው አረንጓዴውን በበቂ መጠን ማግኘትና በደህና መያዝ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን አስቡ። ለተመሳሳይ ጉልበት ከከባድ ነዳጅ 2.5 እጥፍ ገደማ ታንክ ይፈልጋል። ባንከር ቶሎ ቶሎ ይወሰዳል፤ ሥራው ይበዛባችኋል።

ከዚያ እሳቱ። ሶላስ (የባሕር ላይ ደህንነት ስምምነት) ለተለመደ የመርከብ ነዳጅ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ፍላሽ ፖይንት (ተኑ እሳት የሚይዝበት ሙቀት) 60 ዲግሪ ነው። የሜታኖል 12 አካባቢ ነው። ይባስ ብሎ በቀን ብርሃን ነበልባሉ አይታይም ማለት ይቻላል። ጭስም የለውም። ስለዚህ "እሳት የለም" ከማለታችሁ በፊት በተርማል ካሜራ እዩ። ተራ ፎም ይፈርሳል፤ አልኮል የሚቋቋመው ፎም ነው የሚሠራው። በውኃ ሲቀጥንም መንደዱን ወዲያው አይተውም፤ ብዙ ውኃ ይጠይቃል።

መርዝነቱን አትናቁ። ትንሽ መዋጥ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። በቆዳም ይገባል። ቧንቧ የምትከፍቱ ከሆነ የቡታይል ጓንት፣ የፊት መሸፈኛ፣ የሚለካ ዲቴክተር ያስፈልጋል። "ለአንዲት ደቂቃ ነው" የሚባል ነገር የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ በዲዝል ይነሳል፤ ጭነቱ እስኪረጋ ትጠብቃላችሁ። የነዳጁ ቧንቧ ባለ ድርብ ግድግዳ ነው። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለው አየር በሰዓት 30 ጊዜ ይቀያየራል። ፋኑ እየሠራ መሆኑን፣ የናይትሮጅን ግፊቱ መኖሩን፣ ዲቴክተሮቹ መፈተሻቸውን አረጋግጡ። ከዚያ የሊክ ቴስት፣ ከዚያ ቅየራ። ሜታኖል በራሱ ስለማይቀጣጠል ወደ 5 በመቶ የሚሆን ማቀጣጠያ (ፓይለት) ነዳጅ ያስፈልጋል። ፓይለቱ ተራ ዲዝል ከሆነ የእሱ ልቀት አለ፤ ኤችቪኦ ብታደርጉት ያቺም ትቀንሳለች። ሲጠፋ መስመሩ በናይትሮጅን ይጠረጋል። ጥገና ካለ ጠረጋው ተደርጓል ተብሎ ስለተነገራችሁ ብቻ ፍሌንጅ (የቧንቧ መጋጠሚያ) አትፍቱ። ራሳችሁ ለኩ።

አሞኒያ

ካርቦን የለውም፤ ስለዚህ ከጭሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይወጣም። እኛ የምናውቀው በማዳበሪያ በኩል ነው፤ ዩሪያ የሚሠራው ከእሱ ነው። እንደ ጭነት በባሕር ሲጓጓዝ ዘመናት አስቆጥሯል። እንደ ነዳጅ ግን ገና ነው። ፎርቴስኩ ግሪን ፓዮኒር የተባለች መርከብ በ2024 ሲንጋፖር ላይ በአሞኒያ ተሞክራለች፤ የዓለም የባሕር ድርጅቱ አይኤምኦም ጊዜያዊ የደህንነት መመሪያውን በዚያው ዓመት መጨረሻ አጽድቋል።

ሁለት ነገር እወቁ። ሲቃጠል ናይትረስ ኦክሳይድ ሊወጣ ይችላል፤ እሱ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያሞቃል። ትንሽ ብታመልጥ የተገኘውን ትበላዋለች። ስለዚህ የሞተሩ ሴቲንግና የጭስ ማከሚያው እንደ ነዳጁ ሁሉ ወሳኝ ነው። ሌላው ሰውን የሚጎዳበት መንገድ ነው። ውኃ ፈልጎ ዓይንና ሳንባ ውስጥ ይገባል። በ300 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 300) ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ሽታው ቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ያን ማስጠንቀቂያ ለምርመራ አታውሉት። ከነፋሱ አቅጣጫ ወደ ጎን ውጡ፣ ከዚያ ሪፖርት አድርጉ።

ሰርተፊኬት

ኤልኤንጂ፣ ሜታኖልና የመሳሰሉትን የሚያቃጥሉ መርከቦች በአይጂኤፍ ኮድ (ጋዝና በቀላሉ የሚቀጣጠል ነዳጅ ለሚያቃጥሉ መርከቦች የወጣ የደህንነት ደንብ) ሥር ናቸው። ኮዱ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራል። ቤዚክና አድቫንስድ የሚባሉ ሁለት ሥልጠናዎች አሉ፤ ለኢንጅነር አድቫንስዱ ያስፈልጋል። እሱን ለማግኘት ከኮርሱ ሌላ ቢያንስ አንድ ወር በእንዲህ ዓይነት መርከብ ላይ መሥራትና ሦስት ባንከሪንግ ላይ መሳተፍ ይጠይቃል። ከሦስቱ ሁለቱ በሲሙሌተር ሊሆኑ ይችላሉ። በየ5 ዓመቱ ይታደሳል። ስለዚህ ቤዚኩን ካዴት (ተለማማጅ) ሳላችሁ ውሰዱ። ዱዋል ፉዩል (በሁለት ዓይነት ነዳጅ የሚሠራ) መርከብ ላይ ቦታ ሲገኝ መጀመሪያ የሚታየው ወረቀቱ ያለው ነው። ባንከሪንግ ባለ ቁጥር ደግሞ ተረኛ ባትሆኑም ውጡና ተሳተፉ፤ ቺፉ እንዲፈርምላችሁም ያኔውኑ ጠይቁ።

ርክክብ

ኮንትራታችሁ አልቆ ስትወርዱ ለሚተካችሁ ሰው ስለ ነዳጁ ለብቻው አንድ ገጽ ጻፉለት። በየትኛው ታንክ ምን ያህል ባዮ ቀርቷል? መቼ ተሞላ? የመጨረሻው አሲድ ቁጥር ስንት ነበር? አውቶ ፊልተሩ በዎች ስንት ጊዜ ነበር የሚታጠበው? የትኞቹ ሲሎች ወደ ቫይተን ተቀይረዋል፣ የትኞቹስ ቀርተዋል? የትኛው ቫልቭ ለምን ተቆልፏል? የዘላቂነት ማረጋገጫው ደርሷል ወይስ ገና ከቢሮ ይጠበቃል? አብሮት ሞተር ክፍሉን ዙሩና እያንዳንዷን በእጃችሁ አሳዩት፤ በተለይ የተቆለፈውን የአደጋ ጊዜ ጀነሬተር መስመር።